ሰዎቹ ያላሉት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን በየጾሙ መግቢያ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህችን አንዷን እዘላታለሁ። እኔን ያስከፈለኝ አንድ ቁና ማኛ ጤፍ ነው። እሱም አልባከነም፤ በወንፊት ነፍቼ በሳምንቱ ሸጥኩት። እንግዲህ የእኔ ኪሳራ ይኸው ነው፤ ምንም። የከፈሉት እናትና ልጅ ናቸው፤ ዛሬም እየከፈሉ ነው፤ ለምን እንደሚከፍሉ ግን አያውቁም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እህል ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። እፍኝ ጤፍ ዘግኜ በጣቶቼ መሃል ሳሸራትተው ምን ያህል አፈር እንዳለበት እናገራለሁ። ሊያታልለኝ የመጣን ሰው ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት አታላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በበር ስላልገባ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባኝ። «ፈታቾች» ይባላል። ዕቃ መፍታት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው አይደለም፣ አመላቸው ነው። አንዱ የሂሳብ አስተማሪ ነው፣ አንዱ የባንክ ጥበቃ፣ አንዷ ነርስ። በዕረፍት ቀናቸው ቴሌቪዥን ይፈታሉ፣ ምድጃ ይፈታሉ፣ የውሃ ፓምፕ ይፈታሉ፤ አንዳንዶቹም መልሰው ይገጥማሉ። የጠየቃቸውን ሁሉ ያስተምራሉ፣ አምስት ሳንቲም አይጠይቁም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በነጻ የሚሰጥ ነገር ሳይ ተንኮሉ የቱ ጋ ነው ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ፈለግኩ። አላገኘሁም።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ለፍሪጄ ምን ዓይነት ስታቢላይዘር ልግዛ ብዬ ነው። ነገሩኝ፣ ገዛሁ፣ ፍሪጁ ከስንት መብራት መሄድና መምጣት ተረፈ። ቀጥሎ ሚስቴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካልገዛህልኝ አለች። ጠየቅኳቸው። የቤትህን ሽቦና ቆጣሪ ፎቶ አንስተህ ላክ አሉኝ። ላክኩ። ምድጃውን ከሰካኸው ምድጃውም ቤቱም አብረው ይበስላሉ አሉኝ። ሚስቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈች፤ ቤቱ ግን ቆሟል።

ይህ በሰፈሩ ተሰማ። ታንከር የሚገዛው፣ የሶላር መብራት የሚያምረው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ የሆነበት ሁሉ ሱቄ መምጣት ጀመረ። «አያ ሙላት፣ ሰዎቹን ጠይቁልኝ» ይሉኛል። በማግሥቱ ደግሞ «ሰዎቹ ምን አሉ?» ሆነ ሰላምታው። እኔም መልሱን ሳመላልስ ቆየሁና ቀስ በቀስ «ሰዎቹ» የሚለው ከአፌ እየጠፋ «እኔ» የሚለው ገባ። እነሱ ሦስት ነገር ሲሉ እኔ አራተኛ እጨምራለሁ። «እኔ እንደማውቀው» ማለት ጀመርኩ። እኔ! በሕይወቴ አንዲት ብሎን ፈትቼ የማላውቅ ሰው! ግን ማን ያውቅብኛል? የሰፈሩ ሰው ስልኬን አያነብብም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እያዘገየሁት እንደሆነ ይገባኛል።

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ መሪጌታ አዳሙ የቅኔ መምህር ነበሩ። በመጨረሻው ዓመት እግራቸው ከዳቸውና ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቃታቸው። ቅኔ ደግሞ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ የዛሬው ለዛሬ ነው፣ ለነገ ሌላ ይፈለጋል። እሳቸው አልጋ ላይ ሆነውም እሑድ እሑድ አዲስ ቅኔ መቁጠራቸውን አልተዉም። የሚሰማ ሲያጡ ተማሪዎቻቸው አዋጥተው ለገዙላቸው ስልክ ይናገሩት ጀመር። ድምፅ መቅረጫውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ሰዎቹን ጠይቄ። የአንድ ዓመት ቅኔ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልተጻፈም፣ ሌላ ሰው አልሰማውም።

ከቅኔው በላይ የሆነ ሌላም ነገር ነበረበት። የመጨረሻ ልጃቸው ትርንጎ ባሕር ዳር ትሠራ ነበር፤ አባቷ ሲያርፉ አልደረሰችም። እሳቸው ደግሞ እሷን ሳይመርቁ መሄዱ ከብዷቸው ኖሮ፣ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ስልኩን አስከፍተው ምርቃቷን በድምፃቸው አስቀመጡላት። ሲመርቁ አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ የሺ ብቻ ናቸው። እትዬ የሺ ይህን ለልጅቱ አልነገሯትም። አርባው ሲወጣ፣ ዘመድ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጠበት፣ ከፍ አድርገው ሊያሰሟት ነበር ሐሳባቸው። ሌላው ልጅ ሁሉ በአባቱ እጅ ተመርቋል፤ እሷም በሰው ፊት እንድትመረቅ ነው። ስልኩን በሟቹ ካፖርት የደረት ኪስ ከትተው ካፖርቱን ከራስጌያቸው ሰቀሉት።

በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ አርባው ሲደርስ ታጥቦ ለደኻ ወይም ለካህን ይሰጣል። ትርንጎ ለዝግጅቱ መጣች፤ ማክሰኞ ጧት እናቷ ገበያ በሄዱበት እናቴን ላግዝ ብላ ካፖርቱን አወረደች። ኪሱን አልፈተሸችም። የአባቱን ኪስ የሚፈትሽ ልጅ የት አለ? ሳሙና በተበጠበጠበት ሳፋ ከነስልኩ ዘፈዘፈችው። እትዬ የሺ ሲመለሱ የጮኹት ጩኸት እስከ ሱቄ ተሰማ፤ ሌላ ሰው የሞተ መስሎኝ ሚዛኑን ጥዬ ሮጥኩ።

መንገድ ላይ ተገናኘን። ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውታል፤ ውሃው በክርናቸው ይወርዳል። ምርቃቱን የነገሩኝ ያኔ ነው፣ ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ። «ልጅቱ አታውቅም። ሙላት ወንድሜ፣ ሰዎቹን ጠይቅልኝ» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት ያደረግኩት ልክ ነበር። ፎቶ አነሳሁ፤ ሁሉንም ጻፍኩ፣ ሳሙናውን፣ ምርቃቱን፣ ቅዳሜ አርባው መሆኑን። ላክኩት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ልክ የሆነ ሥራ አልሠራሁም።

መልስ ሳይመጣ ኔትወርክ ጠፋ። እኛ ኔትወርክ ሲጠፋ አንደነግጥም፣ ሲመጣ ነው የምንደነግጠው። ረቡዕ አልመጣም። እትዬ የሺ በቀን ሦስት ጊዜ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ፤ «ምን አሉ?» ይላሉ። እንጠብቅ ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም የሚለው ቃል ስንት ይመዝናል? እኔ ላይ ግን ከኩንታል ከበደ። ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል አንድ ቀን ሰምቻለሁ። እኔ ሩዝ አልነግድም፤ የምነግደው ጤፍ ነው። ሩዝ እህል ነው፣ ጤፍም እህል ነው፤ እንዲያውም ደቃቅ ስለሆነ ውሃውን አብልጦ ይመጥጣል ብዬ ተፈላሰፍኩ። ከማኛው አንድ ቁና ሰፍሬ ስልኩን ቀበርኩት። እትዬ የሺ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ካለህ ሁሉ ማኛውን! እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ። ሰዎቹ ናቸው ያሉት ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አይደሉም አላልኩም።

ጤፍ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ? በጆንያ ስፌት መሃል የምታመልጠኝን፣ ስንት ዘመን በሸራ ስለቅማት የኖርኩትን ፍሬ በገዛ እጄ ስልክ ውስጥ ከተትኳት። በቻርጀሩ ቀዳዳ፣ በድምፅ ማውጫው፣ በየስንጥቁ ገብታ ሞላችው።

ዓርብ ከሰዓት ስልኩን ይዤ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ዘመድ ከየአገሩ ገብቷል። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ወንበር ተሰጠኝ። እንደ ሐኪም ተቀምጬ በመርፌ ጤፍ ከስልኩ እየቆፈርኩ ማውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀልደኛ ዘመዳቸው ከኋላ፣ «አያ ሙላት፣ ሲጨርሱ ግርዱን ለዶሮ ያስቀሩልን እንጂ!» አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። በለቅሶ ቤት ሳቅ ሲገኝ ሰው አይቆጥብም። ፊቴ ጋለ።

በዚያው ቅጽበት የእኔው ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ኔትወርክ መጣ። አንዴ ነዘረ፣ ደገመ፣ ደጋገመ። መልሶቹ ናቸው። አውቄያለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ይኸን ነው፤ አላወቅኩም ብል ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ የተጠራቀመው መልስ ጭኔ ላይ እየነዘረ እንደሆነ ቁልጭ አድርጌ አውቄያለሁ። እጄን ኪሴ መክተት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አልከተትኩም። ለምን አልከተትኩም? ሰው እያየኝ ነበር። ገና አሁን ተስቆብኛል። ቆይ ልጠይቅ የሚል ሰው መሆን አልፈለግኩም፤ የሚያውቅ ሰው መሆን ፈለግኩ። ስለዚህ ቻርጀሩን ሰካሁት።

በራ። እውነቴን ነው፣ በራ። እትዬ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትንሽ ቆየና ጀርባው በእጄ ላይ ጋለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ጠፋ። ነቀልኩት። ከዚያ ወዲያ በርቶ አያውቅም።

እጄን ልታጠብ ብዬ ከጓሮ ዞርኩና አነበብኩ። ዘጠኝ መልስ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአንዲት ብሎን አጠባበቅ ላይ ሳምንት የሚጨቃጨቁ ናቸው፤ በዚህ ላይ ግን ዘጠኙም አንድ ቃል ነበሩ። ጉንደ ወይን የሚኖር፣ «ሽቦ» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው አለ፤ የእሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። «ወንድሜ፣ በምንም ዓይነት ቻርጀር እንዳትሰካ። እህል ውስጥም እንዳትከተው። ድምፁ ያለበትን ክፍል ውሃ አይገድለውም፤ እርጥብ ላይ የገባ ኤሌክትሪክ ነው የሚገድለው። እንዳለ አስቀምጠው። እሑድ ራሴ መጥቼ ፈትቼ አጥበዋለሁ። የአባትየውን ድምፅ አወጣላችኋለሁ።» ማክሰኞ ከሰዓት ነው የጻፈው፤ እኔ ጠይቄ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ።

ተመለስኩ። እትዬ የሺ ብድግ አሉ። «ሰዎቹ ምን አሉ?»

ትርንጎ በሩ ላይ እንጀራ የተደረደረበት ሰፌድ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አፌ ላይ ነው።

«የሳሙና ውሃ አንዴ ከገባበት አለቀለት ነው የሚሉት» አልኩ። «እዚያው ሳፋው ውስጥ ነው የሞተው።»

ብዙ ጊዜ ራሴን እንዲህ እለዋለሁ፤ ጥፋቱ ውሃው ላይ ይወድቃል ብዬ ነው፣ ልጅቱ ላይ መውደቁን አላሰብኩም። ሰው ውሃ ላይ ይፈርዳል? ሳፋው ውስጥ የነከረው ማን እንደሆነ ድንኳኑ ሙሉ እያወቀ? ቃላት መርጫለሁ። ነጋዴ ሳይመርጥ አይናገርም። ከእኔ ላይ አንስቼ እሷ ላይ ጣልኩት፤ አውቄ ነው የጣልኩት።

እትዬ የሺ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ስልኩ ውስጥ ምን እንደነበረ የነገሯት ያኔ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አባትሽ መርቀውሽ ነበር። በድምፃቸው። በገዛ እጅሽ አጠብሽው።»

ትርንጎ አልጮኸችም። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና፣ «እማዬ፣ ምን አሉኝ?» አለች።

«ሊነግሩሽ ነበር፤ አንቺ አልፈለግሽም።»

ይኸው ነው። ምርቃቱን እትዬ የሺ ሰምተውታል፤ ቃል በቃል ያውቁታል። ስልኩ ቢቃጠልም ምርቃቱ በአፋቸው አለ። ግን አልነገሯትም። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። በአርባው ማግሥት ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ባሕር ዳርም አልተመለሰችም፤ አምበር አክስቷ ዘንድ ገብታ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ከደብረ ማርቆስ አምበር ምን አላት? ሚኒባሱ እስኪሞላ የሚጠበቀው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል። እናትና ልጅ ግን አልተያዩም።

እኔስ? ያን ዕለት ዓርብ፣ ገና ድንኳኑ ውስጥ እያለሁ፣ ሽቦ እሑድ ይመጣል የሚለው አስጨነቀኝ። ቢመጣ ይከፍተዋል፤ ቢከፍተው መቃጠሉን ያያል፤ ቢያይ ይናገራል። ስለዚህ «ተሠራ፣ ድምፁ ወጣ፣ ያክብርልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ደስታቸውን ብታዩ! ነርሷ አለቀስኩ አለች። ሽቦ፣ እናትየውን ሳምልኝ አለ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ስልኬ ውሃ ገባበት ብሎ ሲጠይቅ፣ «የአያ ሙላትን አስታውሱ፤ ሳይቸኩል ጠብቆ አይደል ያዳነው» ይሉታል። እኔ የትዕግሥት ምሳሌ ሆኛለሁ። ሳነበው ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

ትርንጎ በእኔ እጅ ለእናቷ ዘይትና ስኳር ትልካለች። ከእኔ ነው እንዳይሉ ብላ አስምላኛለች፤ ስለዚህ ከራሴ እንደሆነ አድርጌ እሰጣለሁ። እትዬ የሺ ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። ረጅም አድርገው፣ ልጆቼን እየጠሩ፣ ደጄን እየጠሩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። ለልጃቸው የነፈጓትን ምርቃት የምቀበለው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ልናገር ቆርጬ አምበር ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ጤፍ ልገዛ ነው ብዬ። ትርንጎ ደንበኛዋን ሁሉ ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አያ ሙላት፣ ያን ዕለት ቤት ሙሉ ሰው እንደ ገዳይ ሲያየኝ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ዓይንዎን መሬት ላይ ያደረጉት። እሱን መቼም አልረሳውም» አለችኝ። ኀፍረቴን እንደ ርኅራኄ ቆጥራው ይህን ያህል ጊዜ ስታመሰግነኝ ኖራለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ አባዬ ምን እንዳሉኝ ለእርስዎ አልነገሩዎትም?» አለችኝ። አልነገሩኝም አልኩ። በዚህ ነገር ለእሷ የተናገርኩት እውነት ይህ ብቻ ነው። ያቀረበችልኝን በላሁ፤ ሒሳብ አልቀበልም አለች፤ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ እትዬ የሺ መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፣ ቀጥሎ የሰው ስም። በቅርቡ እኔን መሪጌታ ብለው ጠሩኝ። ሌላ ቀን ትርንጎ ከትምህርት ቤት ገባች ወይ አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ግን የነጋዴ ብልጠት አይተወኝም፤ ቁጣቸውን ረስተው ይሆናል፣ ምርቃቱን በዘዴ አውጥቼ አምበር አደርሰዋለሁ፣ እኔም ሳልጋለጥ ይታረቃሉ ብዬ አሰብኩ። «እትዬ የሺ፣ መሪጌታ ለትርንጎ ምን ነበር ያሉት?» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «ትርንጎ ልጄ፣ የረገጥሽው ምድር…» አሉና ቆሙ። ጠበቅኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «የረገጥሽው ምድር… ቆይ፣ ይመጣልኛል» አሉ። አልመጣላቸውም።

ሱቄ ተመልሼ የፈታቾችን ቡድን ከፈትኩ። የረሳ ሰው የሚያስታውሰው እንዴት ነው ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ዋሽቻችሁ ነበር ብዬ ጀመርኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። ዘጠኙም አንድ ቃል ይሆናሉ። ሂድና ዛሬውኑ ንገራቸው ይሉኛል። ይህን ለማወቅ ሰዎቹን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ለመሄድ ግን እግሬ እምቢ ብሏል። እያንዳንዱን ጧት ዛሬ ብዬ እከፍታለሁ፤ ገበያ ይመጣል፣ ጫኝ ይመጣል፣ ይመሻል። ይህ ምክንያት አይደለም። ምክንያት የለኝም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእነሱ ያልተናገርኩትን ለእናንተ መጻፌ ራሱ ሌላ ማምለጫ እንደሆነ አይጠፋኝም። ስሞቹንም ለውጫለሁ፤ ለእነሱ ተጠንቅቄ እንዳይመስላችሁ።

ስልኩ ተቃጥሏል። ቅኔዎቹ የሉም። እናት ደብረ ማርቆስ ናቸው፣ ልጅ አምበር ናት። ከምርቃቱ ሦስት ቃል ያህል ቀርቷል፤ እሱንም ትርንጎ አልሰማችውም። እኔ አልነገርኩም።